የጎይቶም ቁልቁለት

ጎይቶምን ከመኪናዋ ሲያወጡት ቀኝ እጁ ክላክሱን አልለቅም ብሎ ነበር ይላሉ ያዩት ሰዎች። ነጯ መኪና በራስ መኮንን ድልድይ ግንብ ላይ አፍንጫዋን ቀብራ፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ክላክሷ ብቻ ይጮህ ነበር። እጁ ከተነሳ በኋላም ጥቂት ጮኸ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከድልድዩ በኩል ክላክስ በሰማ ቁጥር ወሬውን ያቋርጣል። እዚያ ደግሞ ክላክስ የማይሰማበት ጊዜ ስለሌለ፣ አንድ ወሬ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው የተወራበት ቀን የለም ማለት ይቻላል።

የሟቹ ጋራዥ ከፒያሳ ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ሥራው መኪና መጠገን ብቻ አልነበረም። የሞተሩን ኮምፒውተር አስተካክሎ ጉልበት መጨመርም ነበር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዚህ ሕመም ጋራዡ ሦስት መድኃኒተኞች ነበሩት፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ብቻ የሚያመሰግኑ።

ኢንስፔክተር ፀደንያ ምርመራውን በተረከበች ማግስት፣ የሟቹ ልጅ ሉዋም ሳትጠራ ቢሮዋ ገባች። በነጠላዋ ጥቁር ጥለት ሥር ላፕቶፕ ታቅፋ ነበር።

«አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«በምን?»

«በጻፍኩት። መኪናዋ ስትወርድ ኮምፒውተሯ ውስጥ የነበረው የኔ ሥራ ነው።»

ፀደንያ አራዳ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አላዋቂ መምሰል እንደማያስከፍል ገና በልጅነቷ ተምራለች። «እስቲ ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አለቻት።

«እኔ መኪናዋን እየነዳሁ እለካለሁ። ነዳጁን፣ እሳቱን፣ ሁሉንም ለዚህ ከተማ አየር ብዬ ራሴ እጽፈዋለሁ። ቀን ይፈጃል። ጋሼ ክብረት ከውጭ የተዘጋጀ ፋይል ይጭናል። ይፈጥናል፤ ግን በሌላ ሰው ቁመት የተሰፋ ልብስ ነው። ዘርዓብሩክ ኮምፒውተሩን ጭራሽ አይነካም። በሽቦው መሐል ትንሽ ሳጥን ይከትና ኮምፒውተሩን ይዋሸዋል።»

«አባትሽ የትኛውን ይመርጡ ነበር?»

«የዚያን ዕለት ሊወስን ነበር። መለኪያ ማሽን የለንም፤ መለኪያችን ዳገቱ ነው። የሁለቱን ሞክሮ ጨርሷል፤ የቀረው የኔ ነበር። ጋራዡን ላሸነፈው እተወዋለሁ ብሎ ነበር።»

«ዳገቱን ለመውጣት ግን መጀመሪያ መውረድ አለ።»

ሉዋም አንገቷን ደፋች። «ሁሌ በፎሌ ነው የሚወርደው። ካምቢዮውን ነጻ አድርጎ፣ ነዳጅ ሳይነካ፣ እንዲሁ እያንከባለለ። የድሮ ሹፌር አይደል! የዚያን ዕለትም ቅዳሴ ልሄድ ስወጣ ‹አቦይ፣ በፎሌ አትውረድ፣ አደጋ አለው› አልኩት። ሳቀብኝ። አቦይ እኔን ሰምቶኝ አያውቅም።» ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «የጻፍኩትን መላልሼ አየሁት፤ ስህተቱ አልታይ አለኝ። ስከፍተው ሞተሩ ይሰማኛል። ማሰር ካለባችሁ እሰሩኝ፤ ብቻ እኔ መሆኔን ወይም አለመሆኔን ንገሩኝ።»

ልጅቱ ነጻ ልባል ብላ አልነበረም የመጣችው። የሚያስፈራት ሳታውቅ መኖር ነበር። ፀደንያም አዘነችላት፤ ግን ኀዘን ማስረጃ አይደለምና መኪናዋን ልታይ ሄደች።

የመኪናዋ ኮፈን እንደ ወረቀት ተጨማድዷል። ባትሪው ግን ጥግ ላይ ስለሆነ ተርፏል፤ ሁለቱም ሽቦዎቹ እንደታሰሩ ናቸው። የካምቢዮው ዱላ ወደፊት በሚነዳበት ቦታ ላይ ቆሟል። ፀደንያ ሹራቧን ሰብስባ ከመሪው ሥር ተንበረከከች። እዚያ ያለው ሽቦ ሁሉ የዓመታት አቧራ ለብሷል፤ ከነዳጅ መስጫው የሚነሳው ሽቦ መሰኪያ ብቻ ንጹሕ ነው። ምንጣፉ ላይ የተቆረጠ የፕላስቲክ ማሰሪያ ወድቋል። ከዚያ ከሟቹ ልብስ ጋር የተቀመጠውን የቀኝ እግር ጫማ ገልብጣ አየችው። ሶሉ ላይ የላስቲክ መስመሮች ጠልቀው ታትመዋል። ጫማውን ይዛ ተመልሳ ከፔዳሎቹ ጋር አስተያየችው፤ የትኛው ላይ እንደገጠመም ለማንም አልተናገረችም።

ድልድዩ አጠገብ፣ ከአትክልት ተራ ያመጣችውን ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጠው የሺዓለም ሁሉን አይታለች።

«ልጄ፣ ሞተሩ እንደ ሰው እያለቀሰ ነው የወረደው። ክላክሱ ባይጮህ እኔም ሽንኩርቴም ዛሬ የለንም። መንገዱን ሙሉ ጠራርጎ አባረረልን።»

«መጀመሪያ የደረሰው ማን ነው?»

«ሁለቱ የጋራዡ ሰዎች። ወጣቱ በሩን በጉልበቱ ከፍቶ አቅፎ ጎተተው። ትልቁ ሰውዬ በዚያኛው በር ገባና ራሱን ከመሪው ሥር ደፋው። እያለቀሰ መስሎኝ እኔም አብሬው አለቀስኩ።» ከኋላቸው አንድ ታክሲ ክላክስ አደረገ። የሺዓለም አማተበች።

ወጣቱ የተባለው ዘርዓብሩክ ነው፤ አፉ ከመኪና የሚፈጥን የመለዋወጫ ነጋዴ።

«ኢንስፔክተር፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ሳጥን የምሸጠው እኔ ነኝ።»

«ነዳጅ መስጫው ላይ የሚገባስ አለህ?»

«አለኝ። እግር ትንሽ ሲነካ ‹ብዙ ተነካሁ› ብሎ ለኮምፒውተሩ ያወራለታል። ጉልበት አይጨምርም፤ ወሬ ነው የሚጨምረው።»

«የጠፋብህ አለ?»

«የለም። አንድ የተበላሸ ነበረኝ፤ ጫፉን ከነኩት ሙሉውን ይሰጥና አልመለስም ይላል። ለዕቃው ይሆናል ብዬ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ጣልኩት። ማንም ያውቀዋል።» ከዚያ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ጋሽ ጎይቶምን ሳወጣው ገና ይተነፍስ ነበር። ክብደቱ ዛሬም ክንዴ ላይ አለ።»

የመጨረሻው ክብረት ነበር። ከጎይቶም ጋር በአንድ ጋራዥ ያረጀ፣ ጣቶቹ ውስጥ የገባው ግራሶ በሳሙና የማይለቅ ሰው ነው።

«ከመሪው ሥር ምን ይሠሩ ነበር?» አለችው።

«ባትሪውን ለማላቀቅ የኮፈኑን መክፈቻ ልስብ ነዋ። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ባትሪ ይፈታል፤ እሳት እንዳይነሳ። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ጎይቶም ነው።»

«ፈቱት?»

«ፈታሁት።»

«ሉዋም ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች።»

«ልጅቱን አደራ፣ አትንኩብኝ! ተሳሳተች እንጂ ክፉ አይደለችም። መፍቻ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።» ይህን ሲል ከድልድዩ በኩል ረጅም ክላክስ ተሰማ። ክብረት ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። ሌላው ሰው ወሬውን ያቋርጣል እንጂ ጆሮውን አይደፍንም፤ ፀደንያ ይህን አስተዋለች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሺዓለምም ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጣች። የጎይቶም ቱታ እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም በዚያ በኩል አልቆመም።

«ኮምፒውተሩ ከግጭቱ በፊት የነበረችውን ቅጽበት መዝግቧታል» አለች ፀደንያ። «ባለሙያ አነበበው። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጧል ይላል።»

ሉዋም ዓይኗን ጨፈነች።

«ጫማቸው ግን ሌላ ይላል። ሶሉ ላይ የታተመው የፍሬኑ ላስቲክ ነው። ሰውዬው ፍሬን ረግጠው ሳለ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ረገጡ ብሎ አመነ። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ ጫማ ደግሞ አይዋሽም።»

«ሳጥን» አለ ዘርዓብሩክ በቀስታ።

«ሳጥን። ሉዋም፣ ስሚኝ። ያንቺ ጽሑፍ የተጠየቀውን ሰጠ፤ የጠየቀው ግን የአባትሽ እግር አልነበረም። ክብረት የሚጭነው ዓይነት ፋይልም ቢሆን ኖሮ ያው ይሆን ነበር። የተዘጋጀ ፋይልም ሆነ በእጅ የተጻፈ፣ የሚሠራው በተነገረው ነው። የሚነገረውን የሚለውጠው ሳጥን ብቻ ነው፤ ሲነቀል ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ አሻራ አይተውም። የነቀለው ሰው የተማመነው በዚህ ነው። የመሰኪያው አቧራ እንደሚራገፍና ማሰሪያው ምንጣፍ ላይ እንደሚወድቅ ግን አላሰበም።»

ሁሉም ዘርዓብሩክን አዩት። ወጣቱ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እሱ አይደለም» አለች ፀደንያ። «ሁለት እጁ ሟቹን አቅፎ ነበር፤ የሺዓለም አይታዋለች። ሉዋም ቅዳሴ ነበረች፤ ስትመለስ መኪናዋ በፖሊስ ተከባለች። ከመሪው ሥር የገባው አንድ ሰው ነው። ባትሪውን ፈታሁ አለኝ፤ ባትሪው ግን ዛሬም እንደታሰረ ነው። ጋሽ ክብረት፣ ሳጥኑ የት አለ?»

ክብረት አልካደም። ኪሱ ገብቶ፣ ከክብሪት ቤት እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይዞት ነው የሚዞረው።

«ልጥለው አልቻልኩም» አለ። «ድልድዩ ላይ በቆምኩ ቁጥር ክላክሱ ይጮሃል።»

ፀደንያ ስለ ካምቢዮው አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። አስባበት ነው የተወችው፤ ልጅቱን ከአንዱ ሸክም አውርዶ ሌላውን መጫን አልፈለገችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ጋራዡን ሲመኝ ወዳጁን ያጣው ሰውዬ ግን አሁን ዝም ማለት አልቻለም።

«ልገድለው አልነበረም!» ብሎ ጮኸ። «ዳገቱ ላይ እንድትፈናጠርበት ነው! ዳገት ላይ ፍሬን ይይዛታል፤ ይደነግጥና ‹የሉዋም ሥራ አደገኛ ነው› ይላል፤ በቃ፣ ይኸው ነበር። ሲወርድ እኮ ነዳጅ አይነካም! ዕድሜ ልኩን በፎሌ ነው የወረደው! በፎሌ ነበር እኮ የሚወርደው!»

ሉዋም ቀስ ብላ ወደ ፀደንያ ዞረች።

«ካምቢዮው የት ላይ ነበር?»

ፀደንያ ብዙ ሰው ጠይቃለች፤ መመለስ እንዲህ የከበዳት ጥያቄ ግን አልነበረም። ልጅቱ እውነቱን ንገሩኝ ብላ ነበር የመጣችው።

«ማርሽ ውስጥ። በፎሌ አልወረዱም፤ ነዳጁን ነክተዋል።»

ከድልድዩ በኩል ክላክስ ጮኸ። ያቋረጠው ወሬ አልነበረም፤ የሚያወራ ሰው ስላልነበረ። ሉዋም ወደ ተሰቀለው ቱታ ሄደች፤ እጅጌውን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስደገፈችበት።

«ሰምቶኛል» አለች። «አቦይ ሰምቶኛል።»

ከዚያም መጀመሪያ ቀን ቢሮ ስትገባ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።