የባለ ባርኔጣው መጨረሻ

«አረቄ የያዛችሁ በሙሉ ባላችሁበት ቁሙ። ንቅንቅ ያለ ይተኮስበታል።»

ጥሩሸዋ ባለችበት ቆመች። በጀርባዋ ያዘለችው ጀሪካን ከእናቷ ከወይዘሮ ጌታነሽ ቤት የወጣ፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው የገብስ አረቄ ነው። ድምፁ የመጣው ዘመሮ ገበያ ጥግ ካለው ቪዲዮ ቤት፣ በሩ ላይ ከተሰቀለው ሞንታርቦ ነበር። እሷ ግን ያንን ከየት ታውቃለች፤ የቄስ ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም። ጀሪካኑን ቀስ ብላ አወረደችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ማይክሮፎን የያዘ ቀጭን ወጣት በበሩ ብቅ አለ። ይታየው ነው፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የእናቴ ነው። እኔ ተልኬ ነው እንጂ አልሸጥም።»

«እናትሽን አሳልፈሽ ሰጠሻት ማለት ነው?» አለና ሳቁን ዋጠው። «እጅሽን አውርጂ፤ ፊልም ነው። በዚያ አገር መጠጥ በአዋጅ ተከልክሏል።»

«አረቄ የሚከለክል መንግሥት የት አለ?»

«ድሮ ነው። ገብተሽ እይ።»

«አባቴ ቢሰሙስ?»

«እንግዲያው ከውጭ ስሚ። ሞንታርቦው የተሰቀለው ለዚያ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይወርድ የነበረው የወይዘሮ ጌታነሽ አረቄ በየጠርሙሱ ይወርድ ጀመር። ጥሩሸዋ ከቪዲዮ ቤቱ ማዶ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ትቀመጥና፣ ጠጠር እንደገባባት ሁሉ ጫማዋን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። ያን የሚያህል ጠጠር መላው መንዝም የለው። ይታየው እሷን ሲያይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ፊልሙን በማይክሮፎን ወደ አማርኛ የሚመልሰው ራሱ ነው፤ እንግሊዝኛው ከአሥረኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ የጎደለውን ከተዋናዮቹ ፊት እያነበበ ይሞላዋል።

ፊልሙ የድሮ ወንበዴ ታሪክ ነበር። ረጅም ካፖርት የለበሰ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ መጠጥ በጭነት መኪና እያሸሸ ይከብራል፤ አንዲት ዘፋኝ ይወዳል፤ ጠላቶቹ ሲያሳድዱት «ጠብቂኝ» ብሏት ይጠፋል። እሷ ባቡር ጣቢያ ቆማ ስትጠብቅ ምስሉ እንደ ወደቀ ገንቦ ብትንትን ይላል፤ ዴኩ ይንተባተብና ይቆማል። ሲዲው ጭረት አለው። ያን ጊዜ ይታየው «መጨረሻውን እኔ ደብረ ብርሃን አይቼዋለሁ» ይልና በቃሉ ይጨርሰዋል።

ለጥሩሸዋ የነገራት ግን ለብቻዋ ነው። በጋራ ሲጠበቅ የቆየው የጓሳ ሣር እንዲታጨድ የተፈቀደ ሰሞን ነበር። የሣር ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋለች፤ እሱ አጎንብሶ ገመዱን ያጠብቅላታል።

«ያቺ ሴትዮ ግን እስከ መቼ ነው የምትቆመው?» አለችው።

«ባቡሩ መጣ» አለ ቀና ሳይል። «ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። እሷ ፊቷን ልታዞር ስትል፣ ከመጨረሻው በር ባዶ ራሱን ወረደ። ባርኔጣውን ባቡሩ ውስጥ ጥሎታል።»

«አይተኸዋል?»

«በዐይኔ።»

ስትነሣ ሸክሙ እንደ ላባ ቀሏት ነበር ይባላል፤ ግማሹን እሱ እንደተሸከመው ግን ማንም አላነሣም።

ይታየው ሦስት ሽማግሌ ላከ። ሦስቱም የሱፍ ባናቸውን አጣፍተው ከመምሬ መርስዔ ኃዘን ደጅ ቆሙ፤ ግቡ ተባሉ፣ ተቀመጡ ተባሉ። መምሬ የጥሩሸዋ አባት ናቸው፤ ቀልድ አይጠሉም፣ ውሸት ግን አይወዱም። ዘር ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ጥሩሸዋ ጓዳ ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።

«ዘሩስ ደግ ነው» አሉ መምሬ። «ሥራው ግን ተረት ማውራት ነው ይሉኛል።»

«ተረት ሳይሆን ትምህርት ነው» አሉ የበግ ነጋዴው ጋሽ ተገኘ። «ያ ወንበዴ እንኳ ባደባባይ ነው የተሰቀለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የሰበካ ጉባኤው ሰው ጋሽ አፈወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ አልሞተም። ንስሐ ገብቶ መነኮሰ። ለእኛ የነገረን እንደዚያ ነው።»

«መነኮሰ?» አሉ ሦስተኛው፣ አቶ መልከ ጼዴቅ። «በሬ ገዝቶ እርሻውን ያዘ እንጂ።»

«ተሰቅሏል አልኩህ፣ አንተ ሰው።»

«የተሰቀለ ሰው ታዲያ በሬ ይገዛል?» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ።

መምሬ ጸጥ እስኪሉ ጠበቁ። «ሦስት ሆናችሁ መጥታችሁ አንድ ሬሳ መቅበር አቃታችሁ» አሉ። «ልጄን ለየትኛው መጨረሻ ልስጣት?»

ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ሽማግሌ በአንድ ምልልስ መልስ አያገኝም። መምሬም ቢሆኑ ሲሸኟቸው እየሳቁ ነበር። የተሰበረ ነገር ካለ ጓዳ ውስጥ ነው።

በማግሥቱ ጥሩሸዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገባች። አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ።

«የትኛው ነው እውነቱ?»

«አላውቅም» አለ ይታየው። «መጨረሻውን አይቼው አላውቅም።»

«በዐይኔ ብለኸኝ ነበር።»

«ለእነሱ የነገርኳቸው እነሱ የሚወዱትን ነው። ላንቺ የነገርኩሽ ግን እኔ የምወደውን።»

ለሌላ ሴት ይህ ቃል ብቻውን ሰርግ ይሆን ነበር። ጥሩሸዋ የአባቷ ልጅ ናት። ዐይኗን ዐይኑ ላይ አሳርፋ «በዐይኔ ብለኸኝ ነበር» ብላ ደግማው ወጣች።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ተመለሱ፤ በዚህኛው ጊዜ መጨረሻውን መንገድ ላይ ተስማምተውበት ነበር። መምሬ ልጃቸውን ጠሯት። «ምን ትያለሽ?» እሺ ብትል እሺ ሊሉ ነበር። መሬት መሬት አየች። ዝምታዋ እምቢታ ተብሎ ተቆጠረ፤ እሷም አላረመችውም።

ይታየው «ደህናውን ሲዲ ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ደብረ ብርሃን ሄደ። ፋብሪካ ገባ ተባለ። ቪዲዮ ቤቱ ወፍጮ ቤት ሆነ፤ ሰዉም ፊልሙን በየስልኩ ማየት ለመደ። ጥሩሸዋ ቁጣዋ ሲበርድ እዚያው የድንጋይ አጥር ላይ መቀመጥ ጀመረች። አሁን ጠጠር ገባብኝ ብላ እንኳ አላስመሰለችም። ጠበቀች። ኋላ መጠበቁ ራሱ አሳፈራትና ወደ ዓለም ከተማ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሹፌር ለሆነው ለጌጡ ተዳረች።

ጌጡ ደግ ሰው ነው፤ ይህም ነገሩን አያቀለውም። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አውቶቡሱ ላይ መንገደኛ የሰለቻቸውን ሲዲዎች ጠቅልሎ ቤት አመጣና አንዱን ዴኩ ውስጥ ከተተው። ባለ ባርኔጣው ብቅ አለ። ጥሩሸዋ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። ባቡር ጣቢያው ደረሰ፤ ምስሉ ሳይበተን አለፈ። ባቡሩ መጣ። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። ሴትዮዋ ፊቷን ልታዞር ስትል ከመጨረሻው በር ወረደ። ይታየው የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ባርኔጣውን እንዳደረገ ነበር።

«ተመልሶላት የለም እንዴ» አለ ጌጡ ፊቷን አይቶ፤ «ምን ያስለቅሳል?»

«ባርኔጣው ነው» አለችው።

እናቷን ልትጠይቅ ዘመሮ ሄዳ ስትመለስ፣ መናኸሪያው በር ላይ ከይታየው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ዐይኑ መጀመሪያ እሷ ላይ፣ ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ የተኛችው ሕፃን ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆየ።

«ሲዲውን አገኘሁት» አላት።

«መጨረሻውን አየኸው?»

«በዐይኔ።»

«እና?»

ሕፃኗ በእንቅልፏ ተንፈራገጠች። ይታየው እስክትረጋ ጠበቀ።

«ሞተ» አለ። «አልተመለሰም። ሴትዮዋም ሌላ አግብታ በደህና ኖረች። ደግ አደረገች።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ጥሩሸዋ አንቀልባዋን ጠበቅ አደረገች።

«እኛ ቤት ያለው ሲዲ» አለችው፣ «ጭረት የለውም።»