የሁለተኛው ተጫዋች ጆይስቲክ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። የእኔ ግራ ጆሮ ግን ዛሬም አይሰማም... አገጬ ውስጥ የገባው ብረትም ብርድ በመጣ ቁጥር ይጠዘጥዘኛል። "ፈጥሮ ነው" የሚል ካለ መጥቶ አገጬን ይዳብሰው።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ቦታው የእህቴ ባል የእንጨት ሥራ ቤት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐዩ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። እህቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች።

ክፉ ነገር ጨለማ ይጠብቃል ያላችሁ ማነው?

የእህቴ ባል አናጺ ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ዝሆኔ" ነው የሚለው። በር ሲያልፍ ጎንበስ ይላል፣ ሰው ለሁለት የሚይዘውን ኮምፔንሳቶ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ግን ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው። እህቴ ስትቆጣው እንኳ ጭንቅላቱን እያከከ ይስቃል።

እኔ ወንድም የለኝም። ወንድሜ እሱ ነው።

አንድ ቀን ስለ ልጅነቴ ጌም ቤት ሳወራለት፣ በቁማችን ተጋፍተን እንዴት እንደምንጫወት፣ ሰምቶኝ ሰምቶኝ...

"እንሥራው" አለ።

"ምኑን?"

"ማሽኑን ነዋ! እንጨቱ ከኔ፣ ሽቦው ካንተ።"

እኔ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ነገሩ አብሮ ሄደ። ሳጥኑን አሳምሮ ሠራው፤ ለሁለት ተጫዋች፣ ጎን ለጎን የሚቆሙበት። አሮጌ ቴሌቪዥን አስገባንበት፣ ከኋላው ትንሽ ኮምፒውተር። የቀረን ጆይስቲክና ቁልፎች መምረጥ ብቻ ነበር።

ይህን የሞከረ ያውቀዋል። ሳጥኑ እንደ ሙሽራ ቢኳል፣ ጆይስቲኩ ከለገመ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። እጅህ የሚያውቀው እሱን ነው።

አሮጌ ማሽን እየፈታ ዕቃውን የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ። "ፈታቹ" ነው የሚሉት። ሱቁ ጠባብ፣ ዝገት ዝገት የሚል። ጆይስቲኮቹን በባልዲ ነው የሚያስቀምጣቸው። ባልዲውን መሬት ላይ ዘረገፍንና ቁጢጥ ብለን መምረጥ ጀመርን።

አናቱ ድቡልቡል የሆነ አለ፣ በጣት ጫፍ የሚያዝ። እንደ ዘነዘና ረዘም ያለ አለ፣ በመዳፍ የሚጨበጥ። ሞላው ጠንካራ የሆነ፣ ልል የሆነ። ስትገፋው "ጠቅ" የሚል፣ ድምፅ የሌለው። ቁልፎቹም እንደ ሰው ናቸው... አንዱ ገና ስትነካው ይሰምጣል፣ አንዱ ካልተደበደበ አይሰማም።

እኔ ድቡልቡሉን ወደድኩ።

"ይሄማ ለኔ ኪኒን ነው" አለ ዝሆኔ። እውነቱን ነው፤ መዳፉ ውስጥ ሲገባ ጠፋ።

ለሱ እጅ የሚሆን አጣን። ዝሆኔ ባልዲ ከባልዲ ሲያገላብጥ ቆየና ጠረጴዛው ስር ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

ረጅም፣ ጥቁር ጆይስቲክ። ቀይና ቢጫ ያሉባቸው ስድስት ቁልፎች ከነሽቦአቸው ታስረውበታል።

ጨበጠው።

"ኧረ ይሄ..." አለ ቀስ ብሎ። "ይሄ ለኔ የተሠራ ነው። ደግሞ ይሞቃል።"

የፈታቹ ፊት ተለዋወጠ።

"እሱን አስቀምጠው።"

"ለምን አባባ?"

"አይለቅም።"

ዝሆኔ ሳቀ። "ቀለሙ?"

ሽማግሌው አልሳቀም።

ያኔ ነው ልብ ያልኩት... ከገባን ጀምሮ ግራ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም። ዕቃ የሚያነሳው በቀኙ ብቻ ነው። የቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ሲከፍት እንኳ በጥርሱ ነበር።

ዝሆኔ ሊመልሰው እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ። አልለቀቀውም። የዘረጋውን እጁን መልሶ ደረቱ ላይ አደረገ፣ እንደሚጠባ ሕፃን አቅፎት።

ሽማግሌው ያን እጅ አየው።

"አሁንማ ውሰደው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ብቻ... ወደኔ እንዳትመልሰው።"

እሁድ ጠዋት መግጠም ጀመርን። ዝሆኔ ጣውላውን ይበሳል፣ ሰጋቱራው እግሩ ስር ይቆለላል። እኔ ዕቃዎቹን በቤንዚን አጥባለሁ።

ጥቁሩን ጆይስቲክ ስፈታው ከሞላው ስር አንድ ነገር ዱብ አለ።

ጥፍር ነው።

የተቆረጠ አይደለም... ከነሥሩ የተነቀለ።

"ተመልከት እስቲ" አልኩት።

"የተሸነፈ ሰው ጥፍሩን ሲበላ ነዋ!" ብሎ ሳቀና ወደ ሥራው ዞረ።

ቁልፎቹን ሳገላብጥ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ቁልፍ የሚበላው ከላይ ነው፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ። እነዚህ ከላይ አዲስ ናቸው። የተበሉት ከስር ነው። ከውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲገፋቸው የኖረ ጣት ያለ ይመስል...

ልናገር አልኩና ተውኩት። ቶሎ ጨርሰን እንድንጫወት ጓጉቻለሁ።

ገጥመን ጨረስን። የሱን ጆይስቲክ ሽቦ ገና አላያያዝኩትም። ዝሆኔ በር ላይ እጁን ይታጠባል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ካቻቢቴ እፈልጋለሁ።

ጠቅ።

ዞርኩ። ማንም የለም።

ጠቅ... ጠቅ።

"ሞላው ነው" አልኩ ለራሴ። "ጠብቆ ነው።"

ሽቦውን አያያዝኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትነው። የድብድብ ጌም ነው። እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ።

ዝሆኔ ጌም አይችልም። ዕድሜ ልኩን የኮምፒውተር ካርታ እንኳ ተጫውቶ አያውቅም። ግን በመጀመሪያው ዙር አንዴ እንኳ ሳልነካው ዘረረኝ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ሰውዬዬን መሬት ላይ ጥሎ መርገጥ ጀመረ።

"አንተ! ተደብቀህ ስትለማመድ ከርመሃል እንዴ?"

ሰውዬዬን መርገጡን ቀጠለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

ስክሪኑን አያይም... እኔን ነው የሚያየው። ዓይኑ እንባ አቅሯል። ግራ እጁ ግን ጆይስቲኩን ያሽከረክራል፣ ቀኙ ቁልፎቹን ይቀጠቅጣል።

"ዝሆኔ፣ በቃ።"

"እሺ" አለ።

እጁ አላቆመም።

"በቃ አልኩህ እኮ!"

በሹክሹክታ...

"እጄን አላቅቅልኝ።"

"ምን?"

"ግራ እጄን... ይዞኛል።"

ቀልድ መሰለኝ። እየሳቅሁ አንጓውን ያዝኩና ሳብኩት። እንደ ተተከለ ብረት ነው፣ ንቅንቅ የለም። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እዚያ፣ ጣቶቼ ስር፣ ቆዳው ውስጥ የሆነ ነገር ተላወሰ።

ቀኝ እጁ ከቁልፎቹ ላይ ተነሳ።

ቁልፎቹ ግን መስመጥ አላቆሙም። ማንም ሳይነካቸው... አንዱ ይሰምጣል፣ ሌላው ይነሳል።

ቀዩ ሰመጠ።

ጡጫው ጆሮዬ ላይ አረፈ።

በዚያ እጅ ሚስማር ያለ መዶሻ ሲመታ አይቻለሁ። በግራ ጆሮዬ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር "ፏ" የሚል ድምፅ ነው... ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ ምንም። ሰጋቱራው ውስጥ በግንባሬ ተደፋሁ።

"ይቅርታ" አለ። "ይቅርታ ወንድሜ..."

ቀዩ ሰመጠ። ኮሌታዬን ይዞ አነሳኝና አገጬን መታኝ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማኝ፤ ጥርሶቼ ምላሴ ላይ እንደ ጠጠር ተበተኑ።

"ይቅርታ!"

ቀዩ። ቀዩ። ቀዩ።

በየምቱ ይቅርታ ይለኛል። እያለቀሰ ነው የሚመታኝ፣ ልጅ እንደሚያለቅስ፣ ንፍጡ ከንፈሩ ላይ እየወረደ። ግራ እጁ ከጆይስቲኩ ጋር ተጣብቋል፤ እኔ ልሳብ ስል ቀኙ ያመጣኛል። ግድግዳው ላይ ደሜ ተረጨ።

እህቴ የልብስ መቆንጠጫ በአፏ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

መቆንጠጫው ወደቀ።

"ምን እያደረግክ ነው? ኧረ ወንድሜን ገደልከው!"

"እኔ አይደለሁም" አለ። "የኔ እናት... በናትሽ እኔ አይደለሁም።"

ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችው። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

ቁልፎቹ አልጠፉም።

እስከዚያ ድረስ ያልሰመጠው ቢጫው ቁልፍ ሰመጠ። የዝሆኔ ቀኝ እጅ ኮሌታዬን ለቀቀና ከኋላው ወዳለው የሥራ ጠረጴዛ ተዘረጋ። እየዳበሰ... መጋዙን አለፈው፣ ኮላውን አለፈው።

መሮውን አነሳ።

"እትዬ..." አልኩ። አገጬ ስለተሰበረ ድምፅ አልወጣልኝም።

መሮው ትከሻዬ ውስጥ ሲገባ ከሕመሙ በፊት የሰማሁት ድምፁን ነው። እርጥብ ጣውላ ሲወቀር የሚሰማው ዓይነት። ነቀለውና እንደገና ከፍ አደረገው። አሁን ወደ አንገቴ ነው።

ዝሆኔ በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቱ ሥር ሊፈነዳ ደርሷል። መሮው ግን ቀስ በቀስ ይወርዳል።

"መዶሻውን አንሺ" አላት በሹክሹክታ።

"እ?"

"ግራ እጄን ስበሪው።"

"አልችልም!"

"ትችያለሽ... አሁኑኑ... ሳልገድለው።"

እህቴ ቀጭን ናት። ያን ትልቁን መዶሻ በሁለት እጇ ነው ያነሳችው። ዓይኗን ጨፈነች።

"አትጨፍኚ!" ብሎ ጮኸ። "እያየሽ!"

ዓይኗን ገለጠች። መታችው።

የጣቶቹ አንጓ ሲደቅ ሰማሁ። አልለቀቀም።

"ድገሚ።"

መታችው። ቆዳው ተተረተረ፣ ነጭ አጥንት ወጣ። የተሰባበሩት ጣቶች ግን ጆይስቲኩን እንደጨበጡ ናቸው... እንዲያውም አጠበቁ። በተሰበረ አጥንት ማን ይጨብጣል?

"ድገሚ የኔ እናት..."

ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም። እህቴ እየጮኸች፣ እየሰደበች፣ እያለቀሰች ትመታለች። ደሙ ፊቷ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ... በመጨረሻ እጁ እጅ መምሰል ሲያቆም ሸርተት ብሎ ወረደ።

ዝሆኔ እንደተቆረጠ ግንድ ተገነደሰ። መሮው ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ።

ስድስቱም ቁልፎች ባንዴ ሰመጡ።

ተመልሰው አልተነሱም።

ጎረቤት ተሯሩጦ ሐኪም ቤት አደረሰን። "የጣውላ ማሽን ያዛቸው" አለች እህቴ። ሌላ ምን ትበል? ነርሷ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥላ ትከሻዬን አየች፤ የጣውላ ማሽን ጡጫ እንደሌለው ሳታውቅ አትቀርም። ግን አልጠየቀችም።

አገጬን አስረውልኝ ኮሪደሩ ላይ ከእህቴ ጋር ተቀመጥን። ዝሆኔ ራጅ ክፍል ነው።

ራጅ አንሺው በሩን ከፍቶ ወጣ። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ።

"ሌላው የት ሄደ?" አለ።

"የቱ ሌላ?" አለች እህቴ።

"አብሮት የነበረው... እጁን ይዞት የነበረው ሰው። ሳነሳ ይውጣ ብዬ ነበር እኮ።"

"ማንም አብሮት አልገባም።"

ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው።

የዝሆኔን ትልልቅ አጥንቶች አወቅኋቸው፤ እንደ ተረገጠ ብስኩት ደቀዋል። በነሱ መሃል ግን አንድም ስብራት የሌለባቸው ሌሎች ጣቶች አሉ። ቀጫጭን። በየመሃሉ ገብተው፣ ተቆላልፈው፣ እጁን ጨብጠውታል። ባልና ሚስት ሲሄዱ እንደሚያያዙት።

ራጅ አንሺው ገብቶ እንደገና አነሳው።

ሁለተኛው ፊልም ንጹሕ ነበር። የዝሆኔ አጥንት ብቻ።

"የፊልሙ ችግር ነው" አለ ላቡን እየጠረገ። "ያጋጥማል።"

እኛም አመንን። ማመን ነበረብን። ማሽኑን እህቴ ራሷ ጓሮ አውጥታ አቃጠለችው፣ ከነጆይስቲኩ። አመድ እስኪሆን ከአጠገቡ አልተነሳችም።

የዝሆኔ ግራ እጅ ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ አያነሳም። በአንድ እጁ መላግ ለመደ። እኔን ሲያይ አንገቱን ይደፋል፤ እኔም "ያንተ ጥፋት አይደለም" እላለሁ። ቢሆንም በሰላም ነበርን። እህቴ መሳቅ ጀምራ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ደረቱን ወጋኝ አለ። መጀመሪያ ክንዱን፣ ቀጥሎ ብብቱን፣ አሁን ደረቱን። ብርድ ነው ተብሎ ከረመ። አልተወው ሲል ሐኪሟ የደረት ራጅ አዘዘች።

ውጤቱን ስትነግረን እኔም እህቴም አብረነው ነበርን። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰካችው።

የጎድን አጥንቶቹ ይታያሉ። በነሱ መሃል የልቡ ጥላ።

ከልቡ ስር አምስት ቀጫጭን ጣቶች ተዘርግተዋል። ሰው የሚመዝነውን ፍሬ እንደሚይዝ፣ ልቡን በመዳፋቸው ይዘውታል።

ገና አልጨበጡም።