ድፍርሱን የለካው ሰው

የቶማ አስከሬን በማጥለያው ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ገንዳው ያለው ከሶዶ ከተማ በላይ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተሠራው አዲሱ የውሃ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ክረምት መውጫ ሊመረቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የፖሊሱ መቶ አለቃ ሶርሳ ሲደርስ አስከሬኑ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ማጅራቱ ቆስሏል።

«ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለቆየ መቼ እንደሞተ ለመናገር ያስቸግራል» አለ አስከሬኑን ያየው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ።

ቶማ የጣቢያው ውሃ መርማሪ ነበር። ዝናብ ሲበረታ እዚያው ያድራል። አስከሬኑን ያገኘችው ጠዋት ቁርስ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ወይንሸት ናት።

«ጠላት ነበረው?» አላት ሶርሳ።

«ጠላቱ ያ መስታወት ነው» አለች፣ ወደ ምርመራ ክፍሉ እያመለከተች። «‹ውሃው ጭቃ መስሎ እያየሁት ንጹሕ ነው ይለኛል› እያለ እንቅልፍ አጥቶ ከረመ። እኔ ትናንት ማታ ጸሎት ቤት ስለ እሱ ስጸልይ ነው ያመሸሁት።»

ሶርሳ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ረጅም የመስታወት ቱቦ ቆሟል፤ ከሥሩ ሻማ አለ። ሻማው ይበራና ቱቦው ውስጥ ቀስ በቀስ ውሃ ይጨመራል፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው ሰው ነበልባሉ ሲጠፋበት በጎን ከተለጠፈው ወረቀት ቁጥሩን ያነባል። ቶሎ ከጠፋ ውሃው ድፍርስ ነው፤ ዘግይቶ ከጠፋ ንጹሕ ነው። አጠገቡ መለኪያው የሚፈተሽበት፣ ነጭ አፈር የተበጠበጠበት፣ ድፍርስነቱ አስቀድሞ የታወቀ ውሃ በጠርሙስ ተቀምጧል።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ዳና ተከትሎት ገባ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ የተላከለትን ይህን ጠርሙስ በጥብጦ መለኪያውን ፈተሸው። ትክክል ሆነ። ‹እንግዲህ ይመረቅ› አለኝ፤ ተጨባብጠን ተለያየን።»

«ከዚያስ?»

«ከአውራጃው ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስወርድ ነጋዴው አብዱሰመድ ወደዚህ ሲወጣ አግኝቼዋለሁ።»

ሶርሳ ጠርሙሱን አነሳ። አፈሩ ከታች ተጋግሯል፤ በላዩ ያለው ውሃ ኩልል ብሏል። ቢያዘነብለውም አፈሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ሌላ ጠርሙስ አለ?»

«አንዱ ብቻ ነው የመጣው።»

ሶርሳ ጠርሙሱን በኃይል ናጠውና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

ቧንቧ የሚያቀርበው አብዱሰመድ አልሸሸገም። «ተጣልተናል፤ ‹ቧንቧህ ዝጓል› ብሎ መለሰብኝ። ግን ወላሂ፣ ትናንት ቦዲቲ ከተማ አድሬ ዛሬ በጭነት መኪና ነው የገባሁት። ጠዋት መጣሁ፣ በሩ ዝግ ነው፤ ተጣርቼ ተመለስኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሶርሳ ወይንሸትን፣ ዳናንና አብዱሰመድን እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ይህን ጠርሙስ ጠዋት አቶ ዳና እያዩ ናጥኩት። እስቲ እዩት።»

ውሃው አሁንም እንደ ወተት ነጭ ነበር።

«አፈሩ የላመ ነው፤ ለመርጋት ውሎ ማደር አለበት። እኔ ጠዋት ሳገኘው ግን ረግቶ ነበር። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ታዲያ አቶ ዳና፣ አየሁ ያሉት ፍተሻ የቱ ነው?»

ዳና ዓይኑን ከጠርሙሱ ወደ በሩ አዞረ።

«ቶማ የሞተው ጠዋት ከሆነ የሚጠረጠሩት ጠዋት የመጡት ሁለቱ ናቸው። ውሸቱም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። የሞተው ትናንት ማታ ከሆነ ግን አንዱ ቦዲቲ፣ አንዷ ጸሎት ቤት ነበሩ፤ አስጠይቄ አረጋግጫለሁ። እርስዎስ የት ነበሩ?»

መልስ ሳይጠብቅ ሻማውን ለኮሰና ነጩን ውሃ ቱቦው ውስጥ ቀዳ። ነበልባሉ የጠፋው ውሃው ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር በብዙ ካለፈ በኋላ ነው።

«ወረቀቱ ተነቅሎ ዝቅ ብሎ ተለጥፏል። ስለዚህ ጭቃውን ንጹሕ ይላል። ቶማ ቢፈትሽ ኖሮ ይደርስበት ነበር።»

ዳና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ምረቃው አንዴ ተላልፏል። ዳግመኛ ከቀረ የሥራው ገንዘብ ወደ ሌላ አውራጃ ይዞራል አሉኝ የበላዮቼ። የታች ሰፈር ሰው ከብት ከሚረግጠው ኩሬ ነው የሚጠጣው። ይህ ቢደፈርስም ይሻላል ብዬ ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት። ትናንት ማታ ቶማ ‹ነገ ፈትሼ ለአውራጃው እናገራለሁ› አለ። ገንዳው ጫፍ ላይ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ገፋሁት። ጠርዙ መታው።»

«ያኔውኑ ሞተ?» አለች ወይንሸት።

ዳና ቀና ብሎ አላያትም። «ከውሃው ውስጥ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር።»

ዳና ታሰረ። መለኪያው የወንጀል ማስረጃ፣ ኤግዚቢት ተብሎ ታሽጎ ፍርድ ቤት ገባ፤ በምትኩ ሌላ አልመጣም። ሶርሳ ምረቃው ይቆይ ብሎ አመለከተ።

«ነፍሰ ገዳይ ፈልግ ተባልክ፤ አገኘህ። ስለ ውሃው ማን ጠየቀህ?» አለው የበላይ ሹሙ።

ጣቢያው በቀኑ ተመረቀ። በማግሥቱ ሶርሳ በታች ሰፈር የውሃ መቅጃ፣ በቦኖው በኩል ሲያልፍ ወይንሸትን ጥቁር ለብሳ ከሰልፉ መካከል አያት። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ በጭቃ ቀይ ነው።

«ወይንሸት፣ አንቺ እንኳ? ቶማ የሞተው ሰው ይህን እንዳይጠጣ ብሎ አይደለም እንዴ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ልጆቼ ግን ጠምቷቸዋል። ሌላ ውሃ ካለ ያሳዩኝ።»

ተራዋ ደረሰና እንስራዋን ደቀነች።