የሞተው ቁልፍ

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ በጎናቸው ተኝተው፣ አንድ እጃቸውን ከጉንጫቸው ሥር አድርገው ሞተው ተገኙ። የመስሚያ መሣሪያቸው ራስጌ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ብርድ ልብሳቸው እንኳ አልተዛነፈም። ከንፈራቸውና የጥፍራቸው ሥር ግን በሕይወት ካለ ሰው ይልቅ ቀልቶ ነበር።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ክፍሉ ከግቢው ጋራዥ በላይ የተሠራ ነው። በወለሉ ጣውላዎች መካከል ጣት የማያስገባ፣ ጭስ ግን የማይከለክል ክፍተት አለ። መስኮቱ ተዘግቷል። ከታች የቆመችው ነጭ መኪና ሞተሯ አሁን ጠፍቷል፤ የጭሷ ሽታ ግን ገና አልለቀቀም።

«የጭስ መርዝ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ነው የሄዱት።»

«እሱን ለልጃቸው ንገርልኝ። እኔ መኪናዋን ማን እንዳስነሳት ልጠይቅ።»

መርማሪዋ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሴት ናት። ብዙ ሰምታ ጥቂቱን ስለምታስቀር ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል።

የሟቹ ልጅ ከነነጭ ጋዎኗ ሳሎን ተቀምጣለች። ከመንገዱ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት መድኃኒት አዳይ ናት። መርማሪዋ ገና ሳትቀመጥ ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እንዴት አድርገሽ፣ እህቴ?»

ልጅቱ ከኪሷ ጥቁር የመኪና ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እንደ ጠጠር ልሙጥ ነው፤ ፊቱ ላይ ትንንሽ በተኖች አሉት።

«መኪናዋ የሚዞር ቁልፍ የላትም። ይኼ አጠገቧ ካለ፣ ፍሬን ይዞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን በተን መጫን ነው፤ ትነሳለች። ከርቀትም በዚሁ ትነሳለች። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሆኜ አሞቃታለሁ። ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ባንኮኒው ላይ ስደገፍ ተጭኖብኝ ነው። መንገድ ማዶ ስለሆንኩ ይደርሳል።» ቁልፉን ከፊቷ ገፋችው። «አባቴ ምሳውን በልቶ ተኝቷል። እኔ እዚያ የሳል መድኃኒት እሸጣለሁ፣ እዚህ አባቴን እገድላለሁ።»

«እንደዚያ እንደሆነ ማን ነገረሽ?»

«ባሌ። ሊያጽናናኝ ነው። ሳላውቅ ያደረግኩት ስለሆነ ጥፋት አይባልም አለኝ።»

መርማሪዋ ቁልፉን ገልብጣ አየችው። «ከርቀት ስታስነሺ የትኛውን ነው የምትጫኚው?»

«መጀመሪያ የመቆለፊያውን፣ ቀጥሎ ይኼን ክቡን ሦስት ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት ነው። በሮቿ እንደተቆለፉ ትነሳለች።»

«ሌላ ቁልፍ አለ?»

«የባሌ አለ፤ ባትሪው ከሞተ ወር አልፎታል። ኩሽና ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ባትሪ ግዛ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የከረምኩት።»

ባልየው የሕንፃ ንድፍ ነዳፊ ነው፤ የሚሠራው በቤቱ የፊት ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዘርግቷል፤ እርሳስና ላጲስ የሞላበት ቆርቆሮም አለ። መርማሪዋ እርሳስ የምትመርጥ መስላ ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ከላጲሶቹ መሀል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ፕላስቲክ አየች፤ ምንም ሳትል ቆርቆሮውን መለሰችው።

«ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር» አለ ባልየው። ዓይኑ ደም መስሏል። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ሽታ ሸተተኝ። ሮጬ ጋራዡን ብከፍት ጭስ በጭስ ነው። የመኪናዋን በር ከፍቼ በተኑን ተጭኜ አጠፋኋት። ከዚያ ወደ አባባ ብወጣ...» ግንባሩን ያዘ። «እባክዎ ሚስቴን አያስጨንቋት። ሆን ብላ አይደለም።»

«እርስዎ ይነዳሉ?»

«ቁልፌ ከሞተ ጀምሮ መሪ አልጨበጥኩም። በሞተ ቁልፍ በሯ እንኳ አይከፈትም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም አብረዋቸው የሚኖሩ ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። መርማሪዋ ያገኘቻቸው አጥሩ ሥር፣ ከጎረቤቱ አናጺ ጋር ነው። ሁለቱም ልብሳቸው ላይ ሰጋቱራ አለ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጡረተኛው ጣውላ ሲይዙ አናጺው ሲሰነጥቅ እንደዋሉ ተናገሩ።

«ሞተር ሲነሳ ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል እንጂ» አለ አናጺው። «ከሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። መጀመሪያ ክላክሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ እንደ መደንገጥ ብሎ። ወዲያው ሞተሩ ተነሳና ጩኸቱ ቆመ።»

«ከዚያ መቼ ጠፋ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ አልጠፋም። መጋዙን ባቆምኩ ቁጥር እሰማው ነበር። ሰው ያለበት መስሎኝ ነው፣ እህቴ። ባውቅ አጥሩን ዘልዬ እገባ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ጡረተኛው ሾፌር ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይህችን መኪና ነድተዋት ያውቃሉ?»

«እኔ?» አሉ፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል አፋቸው ለሳቅ ተጣመመ። «ቁልፍ ማለት የሚዞር ነገር ነው፣ ልጄ። አርባ ዓመት ሳዞር ኖሬ እንደ በር ደወል ተጭኜ የምነዳ ይመስልሻል?» ወዲያው ፊታቸው ጨለመ። «ወንድሜ ሰሞኑን ደህና አልነበረም። ‹እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ሰኞ እሱ ካልሄደ ፖሊስ ጋ እኔ እሄዳለሁ› አለኝ። ማነው ብዬ ብጠይቀው አልነገረኝም። ለሰው ክብር ይጠነቀቅ ነበር።»

ቀኑ ቅዳሜ ነው።

መርማሪዋ ጋራዡ ውስጥ ለብቻዋ ብዙ ቆየች። የመኪናዋ ግራ የፊት መብራት በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ቀኙ ግን እንደ ውኃ የጠራ አዲስ ነው። የሾፌሩ በር እጀታ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ቆብ የለችም፤ ከሥሯ የቁልፍ ቀዳዳ ይታያል፣ ዙሪያው በአዲስ ጭረት ተቧጥጧል። በልጅቱ ቁልፍ ዳሽቦርዱን አበራችና የመጨረሻውን ጉዞ መዝገብ ፈልጋ አነበበች፦ ዜሮ ኪሎ ሜትር፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ።

ከዚያ ወደ ሟቹ ክፍል ተመልሳ የሥራ መሳቢያቸውን ከፈተች። በጥቃቅን የሰዓት ጥርሶችና ሞላዎች መሀል፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የመኪና መብራት ሽፋን ስባሪ አገኘች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጅቱ አጎቷን ተደግፋለች፤ ባሏ ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋን ይዟል። አናጺው ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆሟል፤ ሁለት ፖሊሶች አጠገቡ አሉ።

«አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለች መርማሪዋ። ሁሉንም ወደ ግቢው አስወጣችና በልጅቱ ቁልፍ ላይ መቆለፊያውን ተጫነች፤ ቀጥሎ ክቡን በተን ይዛ ቆየች። የመኪናዋ መብራቶች ብልጭ ብለው ሞተሩ ተነሳ። ክላክስ አልጮኸም። ሁሉም በተከፈተው የጋራዥ በር በኩል እያዩ ጠበቁ። በአሥረኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው ሞተሩ ጠፋ።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከርቀት የተነሳ ሞተር አሥር ደቂቃ ነው ዕድሜው» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ግን ወደ ሁለት ሰዓት ሠርቷል፤ መኪናዋም መዝግባዋለች፣ ጎረቤትም ሰምቷል። ስለዚህ ካንቺ ኪስ አልተነሳም። ሰው ገብቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ በተኑን ተጭኖ ነው ያስነሳት። እንዲህ ከተነሳች ቁልፉ ቢወጣም ነዳጇ እስኪያልቅ አትጠፋም። እህቴ፣ አባትሽን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም።»

ልጅቱ ፊቷን አጎቷ ትከሻ ላይ ደፋች።

«ታዲያ ማን ይሆናል?» አለ ባልየው። «ቁልፍ ሳይኖረው ነው እንዴ የሚያስነሳት? የሷ ኪሷ ውስጥ ነው፣ የኔ ሞቷል።»

«ሞቷል የሚባለውን እንየዋ።» መርማሪዋ ከምስማሩ ያወረደችውን ቁልፍ አወጣች። ጎኑን ተጭና ስትስበው ከውስጡ ቀጭን የብረት ስለት ወጣ። መኪናዋን ቆልፋ፣ ስለቱን እጀታው ሥር ባለው ቀዳዳ ከትታ አዞረች። በሩ ሲከፈት ክላክሱ ጮኸ። ገብታ ፍሬኑን ያዘችና የሞተውን ቁልፍ ከበተኑ ጋር አስጠግታ ተጫነች። ጩኸቱ ቆመ፤ ሞተሩ ተነሳ።

«ልክ እንደዚህ ነበር!» አለ አናጺው ሳያስበው።

መርማሪዋ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። «በዚህ ቁልፍ ውስጥ ባትሪ የማይፈልግ ትንሽ ቺፕ አለች። መኪናዋ አጠገቧ ስትመጣ ትለያታለች። ይህን የሚያውቅ ሰው፣ ቁልፌ ሞቷል እያለ እንደልቡ መንዳት ይችላል።» ወደ ባልየው ዞረች። «እርስዎ ትናንት የመኪናዋን በር ከፍቼ አጠፋኋት ብለውኛል። በምን ከፈቱት?»

«ክፍት ነበር።»

«ከርቀት ብትነሳ ኖሮ የተቆለፈች ነበረች። ክፍት ከነበረች ደግሞ ከርቀት አልተነሳችም። ለሚስትዎ የነገሩት ከርቀት ተነሳች ብለው ነው፤ ለኔ የነገሩኝ ክፍት ነበር ብለው ነው። አንዱን ይምረጡ።»

ባልየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ጋሼ ከአናጺው ጋር ነበሩ። ሚስትዎን አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ ሲያዩዋት ውለዋል። ግቢው ውስጥ የቀሩት እርስዎና የተኙት ሰው ናችሁ። የዚህች ቀዳዳ ቆብም እርሳስ ማስቀመጫዎ ውስጥ ነበረች።» ነጯን ፕላስቲክ እጀታው ላይ አኖረች፤ ገጥማ ተቀመጠች። «ኪስዎ ውስጥ ገብታ፣ ከእርሳስ ጋር ወጥታ ይሆናል። እጅ አንዳንዴ ሳያስብ ይሠራል።»

«አባባን ለምን ብዬ?» አለ ባልየው።

መርማሪዋ በጨርቅ የተጠቀለለውን ስባሪ ገለጠች። «ከሦስት ሳምንት በፊት በድልድዩ መንገድ ላይ አንዲት ነርስ ከሥራ በብስክሌት ስትመለስ ተገጭታ ሞታለች። የገጫት አልቆመም። መንገዱ ላይ የለቀምናቸውን የመብራት ስባሪዎች ዛሬ ጠዋት ከዚህ ጋር ገጠምኳቸው፤ ልክክ አሉ። ሰዓት ሠሪው ይኼን ስባሪ ከዚህ ጋራዥ ወለል ላይ አንስተው ደብቀውት ነበር። ያን ቀን ሚስትዎ ሥራ ላይ ናት፤ እርስዎ ደግሞ ቁልፍዎ ሞቷል። ማን ይጠረጥራል? ሽማግሌው ግን ጠረጠሩ። እስከ ሰኞም ጊዜ ሰጡዎት፣ በራስዎ እግር እንዲሄዱ።»

«ከየት እንደመጣች አላየኋትም» አለ ባልየው መሬት መሬት እያየ። «መሽቶ ነበር፣ መብራትም አልነበራት...»

ልጅቱ ከአጎቷ ክንድ ወጥታ ፊቱ ቆመች። «አባቴንስ? አባቴንም አላየኸውም?»

ባልየው ወደ መኪናዋ ዞረ።

«ሌሊቱን ሙሉ ‹ገዳይ ነኝ› እያልኩ ሳለቅስ ጀርባዬን ስትደባብሰኝ ነበር» አለች። ጮኻ አይደለም የተናገረችው። «ውኃ አምጥተህ አጠጥተኸኛል። ዕድሜ ልኬን እንዲህ እየደባበስከኝ ልትኖር ነበር?»

ፖሊሶቹ በሁለት ጎን ያዙት። ሲያልፉ አናጺው ገለል ብሎ መንገድ ሰጣቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጎትየው መኪናዋ ጎማ አጠገብ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

መርማሪዋ ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ ልጅቱ በር ላይ ደረሰችባት። «አሁን የት ነው የምትሄጂው?»

«የነርሷ እናት ጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጇን ማን እንደገጫት አላወቀችም።»

«አብሬሽ ልሂድ።»

«ግዴታ የለብሽም፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ።»

በእግራቸው ሄዱ። ቤቱ ከሁለት መታጠፊያ በኋላ ነበር፤ አንኳኩተው ብዙ ጠበቁ። የከፈተችላቸው ሴት ጥቁር ለብሳለች፤ መርማሪዋን አወቀቻትና ቀጥሎ የማታውቃትን አየች።

«ተገኘ?»

«ተገኘ» አለች መርማሪዋ።

ልጅቱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እማማ፣ የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ። የነዳው ባሌ ነው።»

ሴትየዋ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ቆሞ አይቷት ነበር?»

ልጅቱ የሚያጽናና ነገር ፈልጋ አጣች። «አልቆመም» አለች።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው።

«ግቡ» አለች። «ቆማችሁ አትንገሩኝ።»