ዘጠነኛው መብራት

ከመጋቢት ወር ወዲህ የሞተር ብስክሌት ነጂዎቹ ቡድን በስፖኪዮ መጠባበቁን ትቶ በሬዲዮ መነጋገር ጀመረ።

ለአስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራው ደንብ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ነጂ የሚጠብቀው ከኋላው ያለውን አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ከስፖኪዮው ከጠፋ ይዘገያል፤ እሱ ሲዘገይ ከፊቱ ያለውም ይዘገያል፤ መዘግየቱ እንዲህ እየተቀባበለ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ፣ መሪው ዘንድ ይደርሳል። ደንቡን ያወጡት በታይናን ከተማ ጎማ ጠጋኝ የሆኑት አዛውንቱ ጁዎ ነበሩ። ሰባ ዓመት ሲሞላቸው መሪነቱን ለድልድይ መሐንዲሷ ለዌን ሩሻን አስረክበው ራሳቸው ከመጨረሻ መንዳት ጀመሩ። ሩሻንም በራስ ቁር ውስጥ የሚገጠሙ ስድስት ሬዲዮዎች ገዛች።

«ደግ ነው» አሉ ጁዎ ያን ዕለት፣ መሣሪያውን በመዳፋቸው እያገላበጡ። «ግን ሆ ባንግ ሲነዳ የሚያንጎራጉረውን ማን ያጠፋልናል?»

በጥቅምት ወር፣ ደቡቡን ተራራ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚያቋርጠው መንገድ፣ ሜይሻን በር ላይ ስድስት ሞተሮች በዝናብ ተደርድረው ቆሙ። ሩሻን ጎማዎቹን በእጇ ተጫነች፣ ካቴናዎቹን ነካች፣ የእያንዳንዱን ፍሬን ሞከረች። ኑድል ሻጩ ሆ ባንግ፣ አስተማሪዎቹ ባልና ሚስት፣ ከሁሉም አዲስ የሆነችው ታንግ ቺም ተራቸውን ጠበቁ። ታንግ ቺ የጥርስ ሐኪም ረዳት ስትሆን ተራራ ስትወጣ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር።

«በወዲያኛው ጫፍ ያለው በር አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለ ዘበኛው። «መሐል ላይ ስልክ አይሠራም። ተራራ ላይ የሚያድር ሰው እንዳይኖር።»

ከጎናቸው ስምንት ፈጣን ሞተሮች ያገሳሉ። ቀይ ጃኬት የለበሰው መሪያቸው የሩሻንን ፍተሻ ሲያይ ቆይቶ «እማማ፣ ይሄ ጉዞ ነው ወይስ ቀብር?» አላት።

«ቀብር እንዳይሆን ነው» አለች ሩሻን ቀና ሳትል።

መንገዱ ከሸለቆው እየተጠማዘዘ ወጣ። ዝናቡ ከፍታ ላይ ወደ ጉም ተለወጠ፤ ዝግባዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ብርዱ በጓንት ውስጥ ገባ። ሩሻን ፍጥነቷን ቀንሳ መንገዱን በሬዲዮ ታነብላቸው ነበር፦ የግራ ኩርባ፣ አሸዋ፣ ውሃ። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። ስፖኪዮዋን ካየች ግን ብዙ ኩርባዎች አልፈዋል።

ከገደሉ አናት ጩኸት ተሰማ። የጦጣ መንጋ ልሉን አፈር እያቋረጠ ነበር፤ የረገጡት ሁሉ ወደ መንገዱ ይወርዳል።

«ድንጋይ እየወረደ ነው። ከገደሉ ሥር አትቁሙ፣ አትሩጡም» አለች ሩሻን።

አራቱ አለፉ። የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ በሆ ባንግና በታንግ ቺ መካከል ወድቆ ፈረጠ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሩሻን በጉሙ ምክንያት ያላየችው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ጦጣዎቹ ሲርቁ ጁዎ ሞተራቸውን አቁመው የራስ ቁራቸውን አወለቁ፤ ድንጋዮቹን ከመንገድ ሊያነሱ ጀመሩ። ታንግ ቺን «ሂጂ፣ ከገደሉ ሥር አትቁሚ፤ እደርስብሻለሁ» አሏት። ሄደች። ሬዲዮዋ ውሃ ገብቶበት ዝም ካለ ቆይቶ ነበር።

«ሁላችሁም አለፋችሁ?» አለች ሩሻን።

«አልፈናል» አለ የሆ ባንግ ድምፅ።

በመንገዱ አናት ካለው ዋሻ አፍ አጠገብ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ፣ አራቱ ቆመው ሁለቱን ጠበቁ። በጉሙ ውስጥ የሞተር ጩኸት ቀረበ። ከበሩ ዘግይተው የተነሡት ፈጣኖቹ ነበሩ። መብራታቸው እየተከታተለ ወደ ዋሻው ገባ፤ ሩሻንም በድልድይ ላይ መኪና ስትቆጥር በለመደችው ልማድ ሳታስበው ቆጠረቻቸው። ዘጠኝ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጁዎ ብቻቸውን ደረሱ።

«ታንግ ቺስ?» አለች ሩሻን።

«ካንቺ ጋር አይደለችም?»

ሩሻን ወደ ዋሻው ተመለከተች። «ጠዋት በሩ ላይ ስምንት ነበሩ» አለች። «አሁን ያለፉት ዘጠኝ ናቸው።»

ሞተሯን አስነስታ ልትፈተለክ ስትል ጁዎ ክንዷን ያዙ። «ተይ። አንቺ ከሮጥሽ የምንፈልገው ሁለት ሰው ይሆናል።»

ሩሻን ቁልፉን አጠፋችና ተነፈሰች። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። «አብረን እንሄዳለን» አለች። «በዝግታ። እያንዳንዱ ሰው የመንገዱን ጠርዝ ይይ። ከኋላ ያለውን ደግሞ በስፖኪዮ፣ እንደ ድሮው።»

ከዋሻው ወዲያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከእግራቸው በታች ደመናው ሸለቆውን ሞልቶ ተኝቷል፤ የተራራ ጫፎች እንደ ደሴት ብቅ ብለዋል። መንገዱ በዚያ ብርሃን ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። አምስቱ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተቱ አንዱን ኩርባ አለፉ፤ ሁለተኛውን አለፉ፤ ሦስተኛውንም። ጠጠር እንጂ ምንም አልነበረም። ሩሻን የብረቱ አጥር የተቋረጠበትን ቦታ ሁሉ ስታይ ፍሬን ትነካ ነበር።

አራተኛው ኩርባ ላይ ሦስተኛዋ ነጂ፣ አስተማሪዋ፣ ዘገየች። ከፊቷ የነበረው ባሏ ዘገየ። ሩሻንም በስፖኪዮዋ አየችውና ቆመች።

«ከኋላዬ፣ ከላይ፣ ቢጫ ነገር በስፖኪዮ አየሁ» አለች አስተማሪዋ። «ከመንገዱ በታች፣ ሣሩ ውስጥ። ስንወርድ አይታይም ነበር።»

ወደ ላይ ተመለሱ። የታንግ ቺ ሞተር ከአጥሩ መቋረጫ አልፎ ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቷል። እሷ አራት ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ ቢጫ የዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ የቀርከሃ ሣር በሁለት እጇ ጨብጣ ተኝታለች። ከበታቿ ደመና ብቻ ነበር።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አለች ሩሻን። «አንገትሽን ያምሻል?»

«አያመኝም። ክርኔ ነው። ፊሽካ ነፋሁ እኮ፣ አለፋችሁኝ።»

«ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ። የእግርሽንም።»

ጁዎ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተሸክመውት የኖሩትንና ድንኳን ከማሰር በቀር ያልሠሩበትን ገመድ ከሻንጣቸው አወጡ። ከአጥሩ ምሰሶ አሠሩት። ሩሻን በሌላው ጫፍ ወገቧን ታስራ ወረደች፤ አፈሩ ከእግሯ ሥር እየሸሸ። ታንግ ቺን ከደረቷ ጋር አሰረቻት።

«የምከተለው እናንተን መስሎኝ ነበር» አለች ታንግ ቺ፣ ፊቷ ከሩሻን ትከሻ ላይ። «ፍጥነታችሁ ገረመኝ። ቀርፋፋ ስለሆንኩ የተናደዳችሁብኝ መሰለኝ፤ ስለዚህ ጨመርኩ።»

ሩሻን ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበች፤ ከላይ አራት ሰዎች መጎተት ጀመሩ።

የተሰበረ አጥንት አልነበረም። አስተማሪዋ የተላጠውን ክርን አጥባ አሰረች። ሞተሯን በዚያው ገመድ ጎትተው ካወጡ በኋላ ጁዎ የተጣመመውን የፍሪሲዮን እጀታ በፒንሳ አቀኑት፤ የወለቀውን ስፖኪዮም በሽቦ አሰሩት። «መልክ የለውም» አሉ። «ያሳያል ግን።»

አስራ አንድ ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ስድስት ሞተሮች የምሥራቁን በር አለፉ። ባለ ቀዩ ጃኬት ከበሩ ወዲያ ቆሞ ነበር። ሩሻን የሆነውን ስትነግረው የታንግ ቺን ቢጫ ልብስ አይቶ የራስ ቁሩን አወለቀ።

«ከኋላችን እንደነበረች አላወቅንም» አለ። «ወደ ኋላ ያየ አልነበረም።»

«እኔም አላየሁም» አለች ሩሻን።

ሊዳዎ መንደር በደረሱበት የእንግዳ ማረፊያ የኑድል ሾርባ ቀረበ። ሆ ባንግ ሌላ ጊዜ የማንንም ምግብ ሳይተች አይበላም፤ ያን ቀን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«‹አልፈናል› ያልኩት እኔ ነኝ። የቀሩትም ከኋላዬ ያሉ መስሎኝ ነው።»

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለች ሩሻን። «አምስት ሰው በአንድ ጥያቄ ጠየቅኩ።»

ጁዎ ሾርባቸውን ይጠጡ ነበር።

ሩሻን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የነገውን መንገድ እስከ ባሕሩ ዳርቻ በጣቷ ተከተለች፤ ከዚያም ቀና ብላ ሁሉንም በየተራ አየች።

«ነገ ከፊት የምትነዳው ታንግ ቺ ናት» አለች። «የምንሄደው በእሷ ፍጥነት ነው፤ እኔ ከመጨረሻ እሆናለሁ።»