ቀይ መብራት የደበቀው ደም

ዕድሜዋን ሙሉ ፀሐይን ስትሸሽ የኖረች ሴት፣ ሰፊ ባርኔጣዋንና ጓንቶቿን በሩ ጀርባ እንደተሰቀሉ ትታ፣ በጠራራ ቀትር ለምን ወጣች? ይህን እዚህ ላይ ልመልስ አልችልም። ከመውጣቷ በፊት የሆነውን ግን እናገራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከምሳ በኋላ በተደወለ ስልክ ነው። ደዋዩ በአንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ፎቶዎችን በቀጭን ብሩሽ እየነካካ የሚያሳምር ሠራተኛ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ብሩሽ» ይለዋል። ጌታውን ፎቶ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሞተው እንዳገኛቸውና አንገታቸው ላይ ሁለት ቀዳዳ እንዳለ ከተናገረ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቶሎ ኑ፤ ሰፈሩ ልጅቷን ሳይበላት» አለ።

ስልኩን ያነሳችው የፖሊስ መርማሪ ሩቅ አገር ተምራ የተመለሰች፣ የሰማችውን ሁሉ ደጋግማ የምትጠራጠር ሴት ናት። አንድ የማትለውጠው ልማድ ነበራት። የደረሰችበትን ነገር፣ የሚመለከታቸው ሁሉ በአንድ ክፍል እስኪሰበሰቡ ድረስ ለማንም አትናገርም። «ቁራጭ እውነት ከሰጠሃቸው የቀረውን ራሳቸው ይቀጥሉበታል» ትል ነበር።

ስትደርስ በፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ከሁሉ ፊት የቆሙት፣ የልኬት ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ የመጡ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሳይጠየቁ ጀመሩ። እዚህ ቤት መጀመሪያ የሟቹ ሚስት ከስተው ከስተው ሞቱ፤ ቀጥሎ የልጃቸው የመጀመሪያ ልጅ መንምና ሄደች፤ አሁን ደግሞ ሽማግሌው። ሁሉም የሞቱት ያቺ ፀሐይ የማትሞቅ የእህታቸው ልጅ እዚህ ቤት ከገባች ወዲህ ነው።

«ጥርሷን አይተሽዋል፣ የኔ ልጅ? ቀላ ያለ ነው። ቀን አትወጣም፤ ቀይ መብራት ሥር ስትርመሰመስ ትውላለች። ደም መጣጭ ሌላ ምን ይመስላል? እኔ እንኳ ሰው ማማት አልወድም።»

«ገና መቼ ጀመሩና» አለች መርማሪዋ፤ አልፋቸው ገባች።

ጨለማው ክፍል ጠባብ ነው። መስኮቱ በጥቁር ቀለም ተለቅልቋል፤ ስንጥቁ ሁሉ በፕላስተር ታሽጓል፤ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል። አየሩ ለዓመታት ያልተነካ ይመስላል፤ የፎቶ ማጽኛው ፈሳሽ እንደ ኮምጣጤ ይሰነፍጣል። ሟቹ ከገንዳዎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከአፋቸው የወረደው ደም ሸሚዛቸውን አርሶ ደርቋል። በአንገታቸው ጎን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። መርማሪዋ ቀዳዳዎቹን በጥጥ ጫን አድርጋ ጠረገች። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ። ቀና ስትል፣ ከራሷ በላይ በተዘረጋው ሽቦ ላይ የፊልም መቆንጠጫዎች ተሰቅለው አየች። አንዱን አውርዳ ከፈተችው፤ ውስጡን ተመለከተችና ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ብሩሽን ጠራችው።

«ስትገባ መጀመሪያ ምን አደረግህ?»

«ወረቀት ሰበሰብኩ።»

«ሰው ሞቶ?»

«ጠረጴዛው ላይ አንድ የፎቶ ወረቀት ተገልጦ ነበር። ነጩን መብራት ከማብራቴ በፊት፣ ብርሃን እንዳያበላሸው፣ ወደ ጥቁሩ ከረጢት መለስኩት። እጄ ነው የመለሰው፤ እኔማ በድንጋጤ እዚያ አልነበርኩም። በዚህ ቤት ወረቀት ተገልጦ መብራት ያበራ ሰው... ጌታዬ ከሞቱበትም ተነስተው ይቆጡት ነበር።»

ሟቹ ይስሉ እንደነበር ጠየቀችው። በዚህ ሥራ የማይስል ማን አለ አላት፤ ስሙም የአሲድ ሳል ነው። ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ «ሳሉ ከሥራው ጋር የመጣ ነው፤ ሥራውን ስተው ይተወኛል» ይሉ ነበር። ይህን እየነገራት ብሩሽም አፉን በክንዱ ሸፍኖ ሳለ።

መርማሪዋ የሟቹን የእህት ልጅ በኋለኛው ክፍል መጋረጃዋን ዘግታ፣ የታተሙ ፎቶዎችን ጠርዝ እየከረከመች አገኘቻት። ወላጆቿ ሲሞቱ አጎቷ «ጥላዬ» እያሉ ያሳደጓት፣ ጨለማውን ክፍል እንደ መዳፏ የምታውቅ ሴት ናት። የእጆቿ ቆዳ ፀሐይ ባቃጠለው ቁጥር እየቆሰለና እየጠገገ ጠባሳ ለብሷል። ሟቹን መጨረሻ ያየቻቸው ከምሳ በፊት ነው፤ ደክሟቸው ነበር፤ «ሂጂ ዕረፊ፣ የቀረውን እኔ አትማለሁ» ብለዋት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ያያት ሰው የለም።

የሟቹ ልጅ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሕፃን ልጇን ታቅፋ፣ የእጀታው ጫፍ የዳክዬ ራስ በሚመስል ማንኪያ የሳል ሽሮፕ ታጠጣለች። ሕፃኗ ጉንጮቿ ጎድጉደዋል። እናትዬዋ በዚያ ቀን ጨለማው ክፍል ድርሽ እንዳላለች ተናገረች። ስለ ጥላዬ ስትጠየቅ የሕፃኗን አፍ ጠረገች።

«እህቴ ናት» አለች። «ባንወለድም አንድ አልጋ ተጋርተን ነው ያደግነው። ልጆቼን አዝላ ነው ያሳደገችልኝ። ግን አንዷን ቀብሬያለሁ። ይቺን ስታቅፋት ባየሁ ቁጥር ሄጄ እቀበላታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። የነገራትን እስኪጨርስ መርማሪዋ አላቋረጠችውም። ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች፤ ብሩሽ የሰበሰበውን ወረቀት በፈሳሽ አጥባ እንድታወጣላት ጥላዬን ጠየቀቻት።

ቀዩ መብራት በራ። ጥላዬ ወረቀቱን ገንዳው ውስጥ አጥልቃ ቀስ እያደረገች ወዘወዘችው። ነጩ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር መጥቆር ጀመረ፤ መሃሉ ላይ ብቻ አንድ ቅርጽ ሳይጠቁር ቀረ። ረዘም ያለ እጀታ፣ ጫፉ ላይ የዳክዬ ራስ።

«ማንኪያ ነው» አለች ጥላዬ።

«የማን?»

«የልጅ።» ወረቀቱን ወደ ሁለተኛው ገንዳ አሻገረችው። ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች። «ሳላውቀው ብሆንስ?»

«ምኑን?»

«የሚሉትን። ሰው ተኝቶ ይሄዳል ይባላል። የአጎቴ ሚስት ሲታመሙ አጠገባቸው የምተኛው እኔ ነበርኩ። ያቺም ልጅ እቅፌ ውስጥ ነው ያለቀችው። ይሄው አጎቴም። የምወደው ሁሉ ነው የሚከሳው።»

መልሱ ከሐኪሙ ዘንድ መጥቶ መርማሪዋ ምላስ ላይ ነበር። ነገር ግን ቀዳዳዎቹን ያበጀችው ሴት ከግድግዳው ማዶ ናት፤ ከዚህ አንድ ቃል ቢያመልጥ ሰበብ ታዘጋጃለች ብላ ሰጋች። ልማድም ነው። «ቀትር ላይ ሁላችሁንም ሰብስቤ እናገራለሁ። እስከዚያ ታገሺኝ» አለቻት።

«እሺ» አለች ጥላዬ፤ እጇን ታጠበች፤ ጠባሳዎቿን አንድ በአንድ አደረቀች።

ቀትር ላይ ደንበኞች ፎቶ በሚነሱበት የፊት ክፍል ተሰበሰቡ። ከጀርባቸው ሐይቅና አበባ የተሳለበት ሸራ ተዘርግቷል። ብሩሽ አለ፤ የሟቹ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ልብስ ሰፊዋም ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ጥሩውን ወንበር ይዘዋል። የጥላዬ ወንበር ባዶ ነው። መርማሪዋ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ባርኔጣውና ጓንቶቹ በቦታቸው ተሰቅለዋል። ያለ እነሱ አንዲት እርምጃ ወደ ውጭ አትራመድም። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ ናት፤ ድምፅም ይሰማታል። ይህን ደምድማ ጀመረች።

ሕያው ሰው ሲወጋ ይደማል፤ ልቡ ካቆመ በኋላ ሲወጋ ግን አይደማም። ጥጡ ነጭ ነበር። ስለዚህ ሟቹ አንገታቸው የተወጋው ከሞቱ በኋላ ነው። የወጋቸውም ጥርስ አይደለም። መቆንጠጫውን ከኪሷ አውጥታ ከፈተችው፤ ውስጡ ፊልሙን በስተው የሚይዙ ሁለት ሹል እሾሆች አሉ። ከቀዳዳዎቹ ጋር ልክ ለልክ ናቸው።

«ታዲያ የወጋው ሰው ቀዳዳዎቹ ደረቅ መሆናቸውን እንዴት አላስተዋለም? ቢያስተውል ከአገጫቸው ደም ነካ አድርጎ ይቀባቸው ነበር። ብሩሽ፣ በቀይ መብራት ሥር ደም ምን ይመስላል?»

ብሩሽ አሰበ። «ምንም። ውሃ ይመስላል። ወረቀት እጄን ቆርጦኝ ወደ ውጭ እስክወጣ የማላውቅበት ጊዜ አለ።»

«እንግዲህ ሥራው የተሠራው በቀዩ መብራት ነው። ለአፍታ ግን ሌላ ብርሃን በርቷል።» የወጣውን ወረቀት አነሳችው። አንድ ሰው ወደ ጨለማው ክፍል ገባ፤ የያዘውን ተገልጦ ባለው ወረቀት ላይ አስቀመጠ፤ የሽማግሌውን ፊት ለማየት የስልኩን ባትሪ አበራ። ብርሃኑ ወረቀቱን አጠቆረው፤ የተሸፈነው ብቻ ነጭ ቀረ። ከዚያ ባትሪውን አጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን አስከሬን ፊት ቆሞ ብርሃን አያጠፋም፤ ቤቱን ሙሉ ያበራል እንጂ። ወረቀት ተገልጦ መብራት አይበራም እየተባለ ያደገ ሰው ግን እጁ ብቻውን ያጠፋዋል። ጥላዬ ባትሪ አያስፈልጋትም፤ ዓይኗ ቀዩን መብራት የለመደ ነው። ብሩሽም የልጅ ማንኪያ ይዞ አይዞርም።

ማንም ወደ ሟቹ ልጅ አልዞረም። መዞርም አላስፈለገም፤ ሕፃኗ እናቷ ጭን ላይ ሆና የዳክዬውን ራስ እያኘከች ነበር።

«ሽሮፑ ሊያልቅ መቃረቡን ለአባቴ ልነግረው ነበር የገባሁት» አለች እናትዬዋ ቀስ ብላ። «ሳበራ አፉ ደም ነው። ጥላዬ ጨረሰችው አልኩ። እኔ ያልነበረ ነገር አልጨመርኩም። ፎቶ እንደማሳመር ነው፤ ያለውን አጎላሁት። ሰው አይቶ ከዚህ ቤት እንዲያወጣልኝ። ይቺን ሳትወስድብኝ።»

«ታዲያ ማን ገደላቸው?» አሉ ልብስ ሰፊዋ፤ ቅር ያላቸው ይመስላሉ።

«ማንም። የአሲድ ሳል የሚባል ነገር የለም። የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳንባቸውን በልቶ ጨርሶ የደም ሥር በጠሰ፤ ደሙ በአፋቸው ወጣ። ሚስታቸውንም የልጅ ልጃቸውንም የያዛቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ ስለ ሌሎች አገሮች ነገረቻቸው። አንድ ቤተሰብ እየሳለ ተራ በተራ ሲያልቅ፣ መጀመሪያ የሞተውን መቃብር የሚከፍቱ ነበሩ። አስከሬን ሲበሰብስ ሆዱ ይነፋል፤ ደሙ ወደ አፍ ይገፋል፤ ቆዳው ሲሸሽ ጥፍሩ ያደገ ይመስላል። እነሱ ግን ማታ ማታ እየወጣ ዘመዶቹን የሚጠባ ነው ብለው ልቡን ያቃጥሉ ነበር። ሌሎች ደም መጣጩ ሲቆጥር እንዲነጋበት መቃብሩ ላይ እህል ይበትኑ ነበር። ያበደ ውሻ ነክሷቸው ውሃና ብርሃን ከሸሹ ሰዎች ነው ይህ ወሬ የተወለደው የሚሉም ሐኪሞች አሉ። አገሩ ይለያያል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ቤቴን ማን ጨረሰው?

«የጥላዬ በሽታ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፖርፊሪያ ይባላል» አለች። «ሰውነቷ ደሙን ቀይ የሚያደርገውን ነገር አስተካክሎ መሥራት አይችልም፤ ትርፉ ቆዳዋ ሥር ይጠራቀምና ብርሃን ሲነካው ያቃጥላታል። ጥርሷም የቀላው ከዚያ ነው። የደም መጣጭ ተረት ሁሉ ከዚህ በሽታ መጣ የሚሉ አሉ፤ እኔ እጠራጠራለሁ፤ እንዲህ ብርቅ የሆነ በሽታ የዓለምን ፍርሃት ሁሉ ሊሸከም አይችልም። በዚህ ቤት ግን ሁለት በሽታዎች ተጋብተው አንድ ጭራቅ ወለዱ። አንዱ በሽታ ገደለ፤ ሌላው ተከሰሰበት።»

የሟቹ ልጅ ሕፃኗን አጥብቃ ያዘቻት። «ይቺስ?»

«መድኃኒት አለው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ሁላችሁም ትመረመራላችሁ። ጥላዬም፤ ከሁላችሁ ይልቅ ከእሳቸው ጋር ያን አየር የተነፈሰችው እሷ ናት።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ጓዳ ተጣራች። መልስ የለም።

ብሩሽ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ክፍሏ ባዶ ነው። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።

በደጅ የቆሙት ሰዎች አይተዋታል። የመንገዱን መሃል ይዛ፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ እጆቿን ሳትደብቅ ሄደች። ጥግ ጥጉ ጥላ ነበር፤ ወደዚያ አላለችም። ለሁለት ተከፍለው አሳለፏት። ማንም አልነካትም። ወዴት ነው ብሎ የጠየቃትም የለም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ብሩሽ። ማንን እንዳለ አልተናገረም፤ መርማሪዋም አልጠየቀችውም። የሟቹ ልጅ ባርኔጣውን ከተሰቀለበት አውርዳ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ ባርኔጣውን እንደያዘች ፀሐይ ላይ ቆማ ቀረች።

መርማሪዋ ሰዎቿን በየአቅጣጫው አሰማራች። ከዚያ ደንበኞች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ፣ በተሳለው ሐይቅ ፊት ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ጠዋት በሁለት ቃል ልትመልሰው ትችል የነበረውን አሁን ጻፈች።

«አንቺ አይደለሽም። አጎትሽን የገደላቸው የሳንባ በሽታ ነው፤ ሌሎቹንም። ስታቅፊያቸው የከሱት ስላቀፍሻቸው አይደለም። ሕፃኗ ትድናለች። አንቺም መታየት አለብሽ። ጥላ ፈልጊና ቁሚ፤ የት እንዳለሽ ብቻ ጻፊልኝ፤ እኔ እመጣለሁ።»

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳየ። መልስ ግን በዚያ ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ አልመጣም።