ጆሮ ይዛ የምትተኛዋ

"ውሸት ነው" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሉ... መብታችሁ ነው። እኔ ግን በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ ነው ያየሁት። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ።

የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሬሳም ገንዣለሁ፣ ፈሪ የምባል ሰው አይደለሁም።

ሆዳቸው ተጣብቆ የተወለዱ መንታ ሴቶች ነበሩን፣ የሰባት ወር ልጆች። አንዷ ስትራብም ስትጠግብም ስለምትጮህ "ለፍላፊ" አልናት። ሌላዋ ጭምት። መድኃኒታቸው እንዳይምታታብን የለፍላፊ ነገር ሁሉ ላይ ቀይ ፕላስተር፣ የጭምት ላይ ሰማያዊ እንለጥፍ ነበር።

ጭምት አንድ አመል ነበራት። የእህቷን የግራ ጆሮ ጫፍ ይዛ ታሻለች... ታሻለች... እንቅልፍ ሲወስዳት እሽታው ይቆማል። ለፍላፊም የምትተኛው ያኔ ነው።

ቀዶ ጥገናው ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ተለያዩ።

ጭምት አልነቃችም።

"ለእናትየው እንዳትነግሯት" አለን አባትየው እያለቀሰ። "ልቧ ደካማ ነው፣ አትችለውም።"

እኔም ምላሴን ይቁረጠውና "ሌላ ክፍል ተኝታለች" አልኳት።

ለፍላፊ ግን እንቅልፍ እምቢ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ታለቅሳለች፣ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ታዞራለች... ትፈልጋለች። አንጀቴን በላችው።

"በለቅሶ ብዛት ስፌቱ ሊለቅ ነው" አለ ሐኪሙ። "የማስተኛውን መድኃኒት ብጨምር ትንፋሿ ይቆማል። ካልተኛች እሷንም እናጣታለን።"

እኔ ጆሮዋን ያዝኩላት። እጄን ገፍታ ጮኸች።

ታውቃለቻ! የእህቷ እጅ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ለቅሶው ቀጥ አለ።

ክው ብዬ ሮጥኩ።

ትተነፍሳለች። ዓይኗ ክድን ክድን ይላል። እሰይ ብዬ ጎንበስ ስል...

የግራ ጆሮዋ ጫፍ ወደ ታች ተስቧል። ከፊትም ከኋላም ስርጉድ ብሏል... የሕፃን ጣት ያህል።

አልጋው አጠገብ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እኔም አልነካኋትም።

ጆሮዋ ግን ይታሻል... ቀስ እያለ ይታሻል።

እጄን ልዘረጋ ስል...

"እህቴ... አትንኪያት።"

እናትየው ናት። መቼ እንደገባች አልሰማሁም።

"እኔ... እኔ እኮ..."

"አውቃለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ሰማያዊውን ፕላስተር ከአልጋው ላይ እያለቀስሽ ስትልጪ አይቼሻለሁ።"

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። እኔ አፍሬ ማየት አቃተኝ።

"ተያት በናትሽ... እህቷን ታስተኛት።"

እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን።

እሽታው ቀስ አለ... ቀስ አለ... ቆመ።

ለፍላፊ ዓይኗን ከደነች።

የጆሮዋ ጫፍ ግን... እንደተያዘ ነበር።